ጫማውን ሳያወልቅ የሚተኛው ልጄ፦ ለመሐል ሜዳዋ እህታችን

እህቴ፣ እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፍሽውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። የ9 ዓመት ልጅሽ ከተፈናቀላችሁ ወዲህ ሌሊት እየጮኸ ይነሳል፣ አልጋ ላይ መሽናት ጀምሯል፣ ትምህርት ቤትም ዝም ብሏል። "ስልክ ላይ የሚሞላ መጠይቅ አለ ይላሉ፣ እሱ ይበቃል ወይስ ሐኪም ጋ ልውሰደው?" ነው ያልሽው። በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ።

እኛ ከአጣዬ የወጣነው በ2013 ነው። ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት ተጠጋን። ልጄ ያኔ 8 ዓመቱ ነበር። ጫማውን ሳያወልቅ መተኛት ጀመረ። እኔ ብርዱ ነው ብዬ ነበር፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ። አንድ ማታ እንቅልፍ ወስዶታል ብዬ ማሰሪያውን ስፈታ ብድግ አለና "እማዬ፣ ቢመጡስ በባዶ እግሬ ነው የምሮጠው?" አለኝ። ያን ቀን ነው የገባኝ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቦታ ተናግረን እንኳን ሳንጨርስ፣ "ልጅ አይደል፣ ይረሳዋል" ተብለን ተመለስን። እኔም በድንጋጤ የማወራው ተምታታብኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅ ኤስዲኪው (SDQ) የሚባለውን የልጆች ስሜትና ባህርይ መጠይቅ በቴሌግራም ላከችልኝ። 25 ጥያቄ ነው። ልጁ ይፈራል ወይ፣ ሆዴን አመመኝ ይላል ወይ፣ ጓደኛ አለው ወይ፣ የመሳሰሉትን ይጠይቃል። አንቺ "ትክክል አይደለም"፣ "በመጠኑ ትክክል ነው" ወይም "በእርግጥ ትክክል ነው" እያልሽ ትሞያለሽ። ለአስተማሪም የሚሆን አለው። ለአስተማሪው ሰጠሁትና እሱ የሞላው ከእኔ ለየት አለ፤ እኔ ቤት ውስጥ ያላየሁትን፣ በር በኃይል ሲዘጋ ዴስክ ስር እንደሚገባ ነገረኝ።

ግን እህቴ፣ መጠይቁ የበሽታ ስም አይሰጥም። ነጥቡን ቆጥረሽ "ልጄ እንዲህ ሆኗል" እንዳትዪ። ለሐኪም የምታሳዪው መነሻ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም።

ከመጠይቁም በላይ የጠቀመኝ ስልኬ ላይ የመዘገብኩት ነው። በስንት ሰዓት ተነሳ፣ ቀን ምን ሆኖ ዋለ፣ ምን ሲሰማ ደነገጠ። ሲደክመኝ መጻፉን ትቼ በድምፅ እቀዳው ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል ያዝኩና ሆስፒታል ወደ አእምሮ ጤና ክፍል ሄድኩ። ባለሙያዋ ወንበሯን አስጠግታ አንድ በአንድ አነበበችው። የሚብስበት ቀን ርችት ወይም ተኩስ የሰማበት ቀን መሆኑን ያወቅነው ከዚያ ነው። እኔ ብቻዬን ብሆን አላየውም ነበር።

መድኃኒት አላዘዘችለትም። አልጋ ላይ ከሸና እንዳትቆጪው አለችኝ፣ መኝታው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን፣ ማታ ዜና እሱ ፊት አይከፈት፣ ስለሆነው ነገር ማውራት ከፈለገ ስሚው፣ ካልፈለገ አታስገድጂው። ጫማውን ደግሞ ከአልጋው አጠገብ እሱ ራሱ ያስቀምጥ አለች። አማቴ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል እንውሰደው ሲሉ ፈርቼ ጠየቅኳት። "ውሰጂው፣ እኔ ጋ መምጣቱን ግን እንዳትተዪ" ነው ያለችኝ። ሁለቱንም አደረግን።

ክትትሉ በአብዛኛው በስልክ ነበር፣ ትራንስፖርት እየከፈልኩ መመላለስ ስለማልችል። ነሐሴ 2015 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌግራሙም ጠፋ፣ ደግነቱ ቁጥሯን ደብተር ላይ ጽፌው ነበር። መስመር ሲገኝ እየደወልኩ ቀጠልን። አንቺም ቁጥር ስታገኚ ወረቀት ላይ አስፍሪው።

አንድ ነገር አደራ። ልጅሽ ሲያለቅስ ቪዲዮ ቀርጸሽ ግሩፕ ላይ እንዳትለጥፊ፣ ይህን ግሩፕ ጨምሮ። ነገ ክፍል ጓደኛው ያየዋል። ለባለሙያ ማሳየት ካስፈለገሽ ከእጅሽ ስልክ ላይ አሳዪ። በውስጥ መስመር "ዶክተር ነኝ፣ መድኃኒት ልላክልሽ፣ ቅድሚያ በቴሌብር አስገቢ" የሚሉ አሉ፣ እኔንም አንዱ ጽፎልኛል። ልጁን ሳያይ መድኃኒት የሚልክ ሰው እንዳታምኚ።

ልጅሽ መሞት እፈልጋለሁ ካለ፣ ራሱን ከጎዳ፣ ወይም እህል ውሃ እምቢ ካለ ግን መጠይቅም መመዝገብም ይቅር። በዚያው ቀን አቅራቢያሽ ወዳለው ሆስፒታል ውሰጂው።

ስለ ልጄ ጠይቀሽኝ ስለነበር፣ አሁን ጫማውን አውልቆ ነው የሚተኛው። ተኩስ የሰማ ማታ ግን አንስቶ ራስጌው ያደርጋቸዋል፣ እኛም አንነካበትም። ከዛሬ ማታ ጀምረሽ መዝግቢና ወደ ደብረ ብርሃን የምትመጪበትን ቀን በውስጥ ጻፊልኝ፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበልሻለሁ፣ አብረን እንሄዳለን።