የምሽግ ጦርነት ተተኳሾችን ማጥናት መተዳደሪያ ይሆናል?

ውድ ወንድሜ፣

ዘንድሮ ከታሪክ ትምህርት ክፍል እንደምትመረቅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህም በአንደኛው የዓለም ጦርነት እግረኛ ወታደሮች በእጃቸው ባገኙት ነገር ስለሠሯቸው የጠመንጃ ቦምቦች (ከጠመንጃ አፍ የሚተኮሱ ቦምቦች) እና የሞርታር ተተኳሾች እንደሆነ፣ ቤተሰቦችህ ግን «ይህ እንጀራ አይሆንም» እንዳሉህ ጽፈህልኛል። እኔ ይሆናል ባይ ነኝ፤ ሆኖም መተዳደሪያ የሚሆንህ የመሣሪያው ፍቅር ሳይሆን ሰነድ አንብበህ አንድን ተተኳሽ ከሌላው የመለየት ችሎታህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 መጨረሻ የምዕራቡ ግንባር ወደ ምሽግ ውጊያ ሲለወጥ የእንግሊዝ ጦር ለዚያ የሚስማማ ሞርታር ስላልነበረው፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሮጌ የፈረንሳይ ሞርታሮችን እስከ መጠቀም ደርሷል። በ1915 በቱርክ ጋሊፖሊ ላይ የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወታደሮች ባዶ የማርማላታ ጣሳዎችን ቦምብ አድርገዋል። እነዚህ ሥራዎች የፋብሪካ ምልክትም ሆነ ወጥ መጠን ስለሌላቸው በመመሪያ መጽሐፍ ብቻ አይታወቁም። በፋብሪካ የተሠራውም ቢሆን ያሳስታል፤ በእንግሊዝ መዛግብት ባለ 3 ኢንች ተብሎ የተመዘገበው የስቶክስ ሞርታር አፈ ሙዙ 81 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከ3 ኢንች ይበልጣል። የክፍለ ጦሮችን የዕለት መዝገብና የዘመኑን ፎቶግራፍ አስተያይቶ ይህን ልዩነት የሚያስረዳ ሰው ለሙዚየሞችም፣ ለቤተ መዛግብትም፣ ለፈንጂ አምካኞችም ይጠቅማል። በሰሜን ፈረንሳይና በቤልጂየም ገበሬዎች እርሻቸውን ሲያርሱ የዚያ ጦርነት ተተኳሾች ዛሬም ይወጣሉ፤ የቤልጂየም ጦርም ፑልካፔለ በተባለ ስፍራ እነዚህን እየሰበሰበ የሚያመክን ክፍል አለው።

የሙዚየም ሥራ መደቡ ጥቂት በመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፈንጂ ማምከን ግን በአገራችንም ጭምር ሰው የሚሻ ሙያ ነው፤ ያለፉት ጦርነቶች፣ የቅርቡ የሰሜኑ ጦርነት ጭምር፣ የተዉአቸው ያልፈነዱ ተተኳሾች እረኞችንና ሕፃናትን ይጎዳሉ። በሙያው ዓለም አቀፍ የፈንጂ ማስወገድ መለኪያዎች አሉ፤ የአምካኙም ብቃት በደረጃ የተከፈለ በመሆኑ ሰው ከታች ጀምሮ እየተፈተነ ይወጣል። የታሪክ ምሩቅ የግድ በአምካኝነት መጀመር የለበትም፤ በመረጃ አሰባሰብ፣ የተበከለ ቦታን በመለየትና ማኅበረሰቡን ስለ አደጋው በማስተማር መግባት ይችላል፤ እኔም ይህን መንገድ አስቀድምልሃለሁ። እንግሊዝኛህን አጠንክር፤ የፈረንሳይ መዛግብትን ለማንበብም ፈረንሳይኛ ጀምር።

በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ አጎትህ ቤት ለጌጥ የተቀመጠውን አሮጌ ተተኳሽ ጠርገህ በምረቃህ ዕለት ልታሳይ እንዳሰብክ ጠቅሰሃል። እባክህ እንዳትነካው። ዕድሜ ተተኳሽን አያመክነውም፤ እንዲያውም የዛገ ፊውዝ (ተተኳሹን የሚያፈነዳው ክፍል) ምን ዓይነት ንክኪ እንደሚያነሣሣው ባለሙያ እንኳ በእርግጠኝነት አይናገርም። ቤተሰቡ ከክፍሉ ይውጣ፣ ልጆች እንዳይቀርቡ ይደረግ፣ ዛሬውኑም ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቁ። እርሱ በባለሙያ ከተነሣ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፍህን ላክልኝ፤ ለሥራ ማመልከቻህ የሚሆነውን ክፍል አብረን እንመርጣለን።