«ምኒልክ» ማለት «ምን ይልክ» ነውን?

ጥያቄ፦ «ምኒልክ» የተባለው ስም «ምን ይልክ» ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። እውነት ነው? አጻጻፉስ «ምኒልክ» ነው ወይስ «ሚኒሊክ»?

መልስ፦ አይደለም፤ ጆሮን ማታለሉ ግን አይካድም። «ምን ይላል» ቶሎ ሲነገር «ምኒላል» እንደሚሆን ሁሉ «ምን ይልክ»ም «ምኒልክ» ይሆናል። ችግሩ የስሙ የቀድሞ መልክ እንዲህ አለመሆኑ ነው። ክብረ ነገሥት በምዕራፍ 32 ንግሥቲቱ ከሰሎሞን ለወለደችው ልጅ ያወጣችለትን ስም «በይነ ልሕክም» ይለዋል።

ይህን በግእዝ እንፍታው ብንል አንሄድም። «በይነ» ስለ ወይም መካከል ይሆንና «ልሕክም» ሜዳ ላይ ይቀራል። በዐረብኛ ግን ወዲያው ይፈታል፦ «ኢብን አል ሐኪም»፣ የጠቢቡ ልጅ፤ ጠቢቡም ሰሎሞን ነው። (ዛሬ «ሐኪም ቤት» ስንል የምንጠራው ሐኪምም ይኸው የዐረብኛ ቃል ነው።) ዕብራይስጥም «ቤን» እና «ሐካም» አለው፤ ታዲያ ለምን ከዚያ አይሆንም የሚል አይጠፋም። መልሱ «ልሕክም» ላይ ባለችው «ል» ውስጥ አለ። ዐረብኛ የታወቀን ነገር የሚያመለክተው በ«አል» ነው፤ ዕብራይስጥ ግን በ«ሃ»። «ል»ዋ የ«አል» ቅሪት ናት። መጽሐፉም መዝጊያው ላይ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደተመለሰ ይናገራል፤ ሥራው የ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የአፍ ሥራ ነው። «ብ» እና «ም» ሁለቱም በከንፈር ስለሚነገሩ «ብን» ወደ «ምን» ዞረ፤ «ል» ቆየች፤ «ሐ» ተዋጠች፤ «ክ» ቀረች። የመጨረሻዋ «ም» መውደቋ ከሁሉ ደካማው እርከን ነው። ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለው ፍቺ አልቀረበም።

ሸዋ ውስጥ የሚነገር ሌላም አለ፦ በ1836 ዓ.ም. የተወለደው ሕፃን መጀመሪያ «ምን ይል ሸዋ» ተብሎ፣ አያቱ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ «ምኒልክ» ለወጡት ይባላል። ጥሩ ወግ ነው። ለሥርወ ቃል ግን አይረዳም፤ አያትየው የመረጡት ቀድሞ የታወቀውን የሰሎሞንን ልጅ ስም ነውና።

አጻጻፉ «ምኒልክ» ነው፦ «ም» ሳድስ፣ «ኒ» ሣልስ፣ «ል» እና «ክ» ሳድስ። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተምና ገንዘብም እንዲሁ ነው የሚሉት። «ሚኒሊክ» ከፈረንጅ ፊደል ተመልሶ የተገለበጠ ይመስላል፤ በተለይ በስልክ ሲጻፍ ይበዛል። «ምኒልክ ሁለተኛ»ም የባዕድ አገባብ ነው፤ «ዳግማዊ ምኒልክ» ይባላል።