ፋይተር ይዞ «እመታለሁ» ብቻ ማለት ለሰለቸው

ወንድሜ፣ ከኮምቦልቻ የጻፍከውን ጥያቄ አነበብኩት። በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ ሦስተኛ ሌቭል (ደረጃ) የደረሰ፣ ዘሩ ሰው የሆነ ፋይተር፣ ማለትም ተዋጊ ገጸ ባህሪ ይዘሃል፤ ረጅም ጎራዴና ጋሻ አለው። ተራህ ሲደርስ «እመታለሁ» ብለህ ዳይስ ትወረውራለህ። ከዚያ ዊዛርዱ (ድግምተኛው) እሳት ሲያዘንብ ቁጭ ብለህ ታያለህ። ጓደኞችህ «ጋሻውን ጣልና ትልቁን ጎራዴ ያዝ፣ የሚቆጠረው ጉዳት ብቻ ነው» አሉህ። እውነት ነው ወይ ነው ጥያቄህ።

አብሽር። ፋይተርህ ምንም አልሆነም፤ ጋሻውንም አትጣል።

እኛ ደሴ ላይ የምንጫወተው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን አምስተኛ እትም፣ የ2014ቱን ሕግ ነው። ባለ ሃያ ጎኑን ዳይስ በስልክ ነው የምንወረውረው፤ ካርታውን ዲኤማችን (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) በካሬ ደብተር ላይ ይስለዋል። ፋይተርን ብዙ ጊዜ ይዤዋለሁ። ሌላ ክላስ (የገጸ ባህሪ ሙያ) ሞክሬም የምመለሰው ወደሱ ነው። እና ከሁሉ በፊት የምነግርህ ይህን ነው፦ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ነገር አለህ። አንድ አክሽን (ዋናው ድርጊት)፣ አንድ ቦነስ አክሽን (ተጨማሪ ፈጣን ድርጊት)፣ አንድ ሪአክሽን (ሌላው ለሚያደርገው የምትሰጠው ምላሽ)። አንተ የምትጠቀመው አክሽኑን ብቻ ነው። ችግርህ ጎራዴህ ማነሱ አይደለም፤ ሁለቱ ሥራ ፈትተው መቀመጣቸው ነው። ጥሩ ፋይተር ማለት ሦስቱም በየዙሩ ሥራ ያላቸው ፋይተር ነው።

መጀመሪያ የጉዳቱን ነገር በቁጥር እንየው፤ ጓደኞችህም ይዩት።

የትልቁ ጎራዴ ጉዳት 2ዲ6 ነው፣ ማለትም ሁለት ባለ ስድስት ጎን ዳይስ፤ አማካዩ 7። ትልቅ መሣሪያ ለያዘ ሰው የተዘጋጀውን የውጊያ ስልት ከመረጥክ 1 እና 2 ሲወጣ እንደገና ትወረውራለህ፤ አማካዩ 8.3 ይደርሳል። ያንተ ጎራዴ 1ዲ8 ነው፣ አማካዩ 4.5። «ዱዌሊንግ» የሚባለው ስልት 2 ይጨምርለታል፣ 6.5 ይሆናል። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ እንኳ አይሞላም። ጋሻው ደግሞ ኤሲህን (ጠላት አንተን ለመምታት ሊደርስበት የሚገባውን ቁጥር) በ2 ከፍ ያደርጋል። የሰንሰለት ጥሩር ብቻ ከለበስክ 16 ነህ፣ ጋሻ ስትጨምር 18። ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) ሲመታ በዳይሱ ላይ 4 ይደምራል፤ ስለዚህ 16 ላይ 45 በመቶ ያገኝሃል፣ 18 ላይ 35 በመቶ።

ጓደኞችህ ግን ያለ ምክንያት አልተናገሩም። በሐሳባቸው ያለው «ግሬት ዌፐን ማስተር» የሚባለው ልዩ ችሎታ ይመስለኛል። ከመምቻ ዕድልህ 5 ትቀንሳለህ፣ በጉዳቱ ላይ 10 ትጨምራለህ። ሲሰሙት ያጓጓል። አራተኛ ሌቭል ላይ ይህን ትውሰድ ወይስ ጉልበትህን ከ16 ወደ 18 ታሳድግ? ትልቁን ጎራዴ ከነስልቱ ይዘህ ኤሲው 15 የሆነ ጎብሊን ፊትህ ቆሟል እንበል። በ18 ጉልበት 60 በመቶ ታገኘዋለህ፤ በአማካይ በአንድ ምት 7.4 ጉዳት ነው። በችሎታው 30 በመቶ ታገኘዋለህ፤ 6.4 ነው። ጎብሊን ደግሞ ያለው 7 ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ነው። 21 ብትመታው ትርፉ ለማንም አይሆንም። ኤሲው 18 የሆነ ሆብጎብሊን ላይ ይብሳል፤ 5.5 ለ3.2። ኦግር (ግዙፍ ጭራቅ) ላይ ግን ይገለበጣል። ኤሲው 11፣ ኤችፒው 59 ስለሆነ በጉልበት 9.9፣ በችሎታው 10.7 ታገኛለህ። አድቫንቴጅ ካለህ፣ ማለትም ሁለት ዳይስ ወርውረህ የበለጠውን የምትይዝ ከሆነ፣ ጎብሊኑም ላይ ችሎታው በትንሹ ይበልጣል። ክሪቲካሉን (ዳይሱ 20 ሲወጣ ጉዳቱ የሚጨምርበትን ምት) አልቆጠርኩም። ጠላት ሲገደል ወይም ክሪቲካል ሲወጣ የሚገኘውን ተጨማሪ ምትም አልቆጠርኩም። ሌቭልህ ከፍ ሲል የትልቁ ጎራዴ ሚዛን ይሻሻላል፤ ይህን አልክድም። ለአራተኛ ሌቭል ግን ጋሻ የሚያስጥል አይደለም።

አሁን ያንተን እንይ። እኔ ብሆን ረጅሙን ጎራዴ በጦር እቀይረው ነበር። ጦርና ጋሻ። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስዕሉ ገና ሳትጫወት ዓይንህ ላይ አለ። አራተኛ ሌቭል ላይ «ፖልአርም ማስተር»ን ውሰድ። መጀመሪያ ለረጃጅም መሣሪያዎች ነበር የተጻፈው፤ በኋላ በወጣው ማረሚያ ጦርም ገብቷል። ሁለት ነገር ይሰጥሃል። በአክሽንህ ከወጋህ በኋላ በቦነስ አክሽን በጦሩ እጀታ ትደግመዋለህ፣ 1ዲ4። ጠላት ወደምትደርስበት ርቀት ሲገባ ደግሞ በሪአክሽንህ ትወጋዋለህ።

ይኸው ሦስቱም ሥራ አገኙ።

ሒሳቡን ላሳይህ። የጦሩ ምት 1ዲ6፣ 3 ከጉልበት፣ 2 ከዱዌሊንግ፤ አማካዩ 8.5። የእጀታው 7.5። ያው ጎብሊን ላይ እያንዳንዱን 55 በመቶ ታገኛለህ፤ በአንድ ተራ 8.8 ነው። ከትልቁ ጎራዴ 7.4 ይበልጣል፣ ያውም ጋሻህን ሳትጥል፣ ኤሲህ 18 እንደሆነ። ጉዳቱ በሁለት ምት ስለሚከፈል ሁለት ጎብሊን መጣል ትችላለህ። የሪአክሽኑን ምት ገና አልጨመርኩበትም።

ስድስተኛ ሌቭል ላይ ፋይተር ከሌሎቹ ቀድሞ ሌላ ምርጫ ያገኛል። እዚያ «ሴንቲነል»ን ውሰድ። በሪአክሽን የወጋኸው ጠላት ያን ተራ አይንቀሳቀስም፤ እግሩ ዜሮ ነው። ዲስኢንጌጅ አድርጎ (ሳይወጋ የመራቂያውን ድርጊት ተጠቅሞ) ሊሾልክ ቢሞክር እንኳ ትወጋዋለህ። ጎብሊን በቦነስ አክሽኑ የሚያመልጠው በዚህ ነበር፤ አከተመ። አጠገብህ ያለ ጠላት አንተን ትቶ ጓደኛህን ቢመታም ትወጋዋለህ። ኤሲው ከፍ ያለ ፋይተር ትልቁ ችግር ጠላት «ይሄን መምታት አይቻልም» ብሎ አልፎት ወደ ዊዛርዱ መሄዱ ነው። ሴንቲነል ይህን በር ይዘጋል።

የእኛ ዲኤም ካርታዎቹን የሚወስደው ከዚሁ ካገራችን ነው። የአምባሰልን ገደል፣ የመቅደላን ዓይነት አናቱ ሜዳ የሆነ አምባ ይስላል፤ የሚወጣው በጠባብ መንገድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጦርና ጋሻ ይዞ የመንገዱን አፍ የያዘ ፋይተር ጨዋታውን ይቀይረዋል። የመጀመሪያው ኦግር ሲጠጋ ይወጋል፣ እዚያው ይገተራል። ከኋላው የሚመጡት ጎብሊኖች ይጨናነቃሉ። ዊዛርዳችን የእሳት ድግምቱን የሚጥለው ያኔ ነው፤ ሁሉም አንድ ቦታ ተከማችተዋል። በዚያ ዙር ብዙ ጉዳት ያደረሰው ዊዛርዱ ነው ይባል ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ያለን ሁላችን ግን ማን እንደሰበሰባቸው እናውቃለን። ዲኤማችሁ ሜዳ ላይ ብቻ የሚያዋጋችሁ ከሆነ በር፣ ድልድይ፣ የገደል ጫፍ ፈልጉ። ከሌለም አንተ ከዊዛርዱ ፊት ቁም፤ ሮጋችሁ (ሾላኪው) ደግሞ አንተ ከምትዋጋው ጠላት ጋር ይጣበቅ። አንተ ከጠላቱ 5 ጫማ ውስጥ ከሆንክ የሮጉ ስኒክ አታክ (የድብቅ ምቱ ተጨማሪ ጉዳት) ይሠራል።

ሦስተኛ ሌቭል ላይ ስለሆንክ አርኪታይፕህን (የፋይተርህን ንዑስ ዓይነት) ገና ካልመረጥክ «ባትል ማስተር»ን እመክርሃለሁ፤ «እመታለሁ» ብቻ የሚለውን ድግግሞሽ የሚሰብረው እሱ ነው። ቻምፒዮን ክሪቲካሉን በ19ም ያገኛል፤ ከ5 በመቶ ወደ 10 በመቶ መውጣት ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን የምትወስነው ነገር የለም። ባትል ማስተር አራት ዲ8 ዳይስና እነሱን የምታወጣባቸው ሦስት ማኑቨር (የውጊያ ብልሃት) ይሰጥሃል። እኔ የምመርጣቸው እነዚህ ናቸው። «ፕሪሲዥን»፦ ለጥቂት የሳትከውን ምት ያቃናል። «ትሪፕ»፦ ጠላትን ይጥላል፤ የወደቀውን በቅርብ የሚመታ ሁሉ አድቫንቴጅ አለው። ከሩቅ የሚወረውር ቀስተኛ ግን ይከብደዋል፤ ስለዚህ ከመጣልህ በፊት ቀስተኛችሁን ጠይቀው። «ሜናሲንግ»፦ ያስፈራል። የፈራ ጠላት እያየህ ሲመታ ሁለት ዳይስ ወርውሮ ያነሰውን ይይዛል፣ ወደ አንተም መጠጋት አይችልም። ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይባል የለ። «ሪፖስት»ን (ጠላት ሲስትህ በሪአክሽን መልሶ መምታት) ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ለአንተ ግን አይሆንም። ሪአክሽንህን ጦሩ ይዞታል።

እነዚህ ዳይሶች በሾርት ረስት ይመለሳሉ፤ አክሽን ሰርጅ (ተጨማሪ አክሽን) እና ሰከንድ ዊንድም (ራስን ማዳን) እንዲሁ። ሾርት ረስት የአንድ ሰዓት እረፍት ነው። ዊዛርዱ አብዛኛውን ድግምቱን የሚያገኘው አድሮ ስለሆነ እረፍት አይጠይቅም፣ ማንም አይጠይቅልህም። አንተ ጠይቅ! ከእያንዳንዱ ከባድ ውጊያ በኋላ «አንድ ሰዓት እንረፍ» በል። በቀን ሁለቴ ካረፋችሁ አክሽን ሰርጅ በቀን ሦስት ጊዜ ይገኛል። እረፍት የማይጠይቅ ፋይተር ግማሽ ፋይተር ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ነጥቦችህን በተመለከተ ባጭሩ። ዲኤምህ ማስተካከል ከፈቀደልህ ከሚደለደሉት ነጥቦች 15ቱን ጉልበት ላይ፣ 14ቱን ጽናት ላይ፣ 13ቱን ማስተዋል ላይ አድርግ። ሰው ስለሆንክ እያንዳንዳቸው አንድ ይጨምራሉ። ከባድ ጥሩር ስለምትለብስ ቅልጥፍና ለኤሲህ አይረዳም፣ ብዙ አትጨነቅበት።

ማስተዋሉን ግን አትናቅ፣ ማለትም ዊዝደምን። ፋይተር ሴቩ (ድግምትና መሰል አደጋ ለመቋቋም የሚወረወረው ዳይስ) የሚጠነክረው በጉልበትና በጽናት ነው። ጠላት ድግምተኛ ይህን ያውቃል። «ሆልድ ፐርሰን» ቢጥልብህና ሴቩን ብታጣ ትደርቃለህ፤ አጠገብህ ቆሞ የሚያገኝህ ምት ሁሉ ክሪቲካል ነው። ያን ሁሉ ኤሲ የሰበሰብክለት መንገድ ባንድ ድግምት ተከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ ስምንተኛ ሌቭል ላይ «ሬዚሊየንት»ን በማስተዋል ውሰድ፤ የማስተዋል ሴቭህን ያጠነክራል። ዲኤማችሁ ድግምተኛ የሚያበዛ ከሆነ ስድስተኛ ላይ አስቀድመውና ሴንቲነል ይቆይ።

እጅህ ላይ ያለው ኤስአርዲ 5.1 የተባለው በነጻ የሚወርደው የሕግ ሰነድ ብቻ ከሆነ ባትል ማስተርም ፖልአርም ማስተርም እዚያ የሉም። አርኪታይፑ ቻምፒዮን ብቻ፣ ልዩ ችሎታውም «ግራፕለር» ብቻ ነው። ያኔም ሪአክሽንህን ሥራ መስጠት ትችላለህ። «ፕሮቴክሽን» የሚባለውን ስልት ምረጥ፤ አጠገብህ ያለ ጓደኛህ ሲመታ በጋሻህ ትከላከልለታለህ፣ መቺው ያነሰውን ዳይስ ይይዛል። አክሽንህንም ቢሆን ሁሌ ለመውጋት አታውለው። በአንድ ምት ፋንታ ጠላትን መግፋት፣ መጣል ወይም መያዝ ይፈቀዳል፤ ለዚህ አትሌቲክስ ክህሎት ይኑርህ። ገደል አፋፍ ላይ ግፊያ ከጎራዴ ይበልጣል።

የ2024ቱን ሕግ የምትጫወቱ ከሆነ ነገሩ ይቀየራል። የግሬት ዌፐን ማስተር 5 ቀንሶ 10 መጨመር ቀርቷል። ፋይተር ከመጀመሪያው ሌቭል የሦስት ዓይነት መሣሪያ ማስተሪ (መሣሪያው የሚሰጠው ልዩ ጥቅም) ያገኛል። ጦር «ሳፕ» አለው፤ የወጋኸው ጠላት ቀጣዩን ምት ሲመታ ያነሰውን ዳይስ ይይዛል። ፖልአርም ማስተር ለጦር እዚያም ይሠራል፣ ምክሬም ያው ነው።

አሰልቺ ነው ለሚሉህ ጓደኞችህ ደግሞ፦ ጨዋታው በ1974 እ.ኤ.አ. ሲታተም የነበሩት ክላሶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ተዋጊው ነበር። እስካሁን ያልወጣው ሥራ ስላለው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለፋይተርህ ከፊት የሚቆምበት ምክንያት ስጠው። የእኔ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርዱ የሲራራ ነጋዴዎች ጠባቂ ነበር። ከኋላው የቆመውን ሁሉ እንደ አደራ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ ማን ጋ እንደምሄድ ብዙ አላስብም፣ ዊዛርዱ ወዳለበት ነው።

ለሚቀጥለው ጨዋታ ይህን አድርግ። ጦር ግዛ፣ ዋጋው 1 የወርቅ ሳንቲም ነው። የምትመርጣቸውን ማኑቨሮች በትንሽ ወረቀት ጻፍና ፊትህ አስቀምጥ። ከወረቀቱ ሥር አክሽን፣ ቦነስ፣ ሪአክሽን ብለህ ጻፍ፤ በየዙሩ የተጠቀምክበት ላይ ሳንቲም አስቀምጥ። አራተኛ ሌቭል ስትደርስ የገጸ ባህሪህን ወረቀት ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ዊዛርዱና ሮጉ ምን እንደያዙም ጻፍ፤ ስድስተኛ ላይ ሴንቲነል ይቅደም ወይስ ሬዚሊየንት የሚለውን ያንን አይቼ ነው የምነግርህ።