ለባሕሩ ጀርባዎን ይስጡት

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ከሁለት ልጆቼ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሞቃታማ የባሕር ዳርቻ እንሄዳለን። ልጆቹ ዛጎል የሚለቅሙበትን ከረጢት ከአሁኑ አዘጋጅተዋል። ለመሆኑ ከውኃውና ከአሸዋው ሌላ የሚታይ ነገር አለ? ዛጎል ብንወስድስ ችግር አለው?

መልስ፦ ከከረጢቱ ልጀምር፤ እኔም የተቀጣሁት በእርሱ ነውና። በመጀመሪያው ጉዞዬ አንድ ያማረ ዛጎል አንሥቼ በሆቴሉ ክፍሌ ወለል ላይ አስቀመጥኩ። እኩለ ሌሊት ላይ የሆነ ነገር ሲንኳኳ ነቃሁ። መብራት ባበራ ዛጎሉ ወደ በሩ እየተጓዘ ነው! ለካስ ባለቤት አለው። የኋላ አካሉ ልፍስፍስ የሆነ ሸርጣን ነበር፤ የሞተ ቀንድ አውጣ የተወውን ቤት ለብሶ ይኖራል፣ ሲያድግ ደግሞ ሰፋ ያለ ይፈልጋል። አንዳንድ ጊዜ በቁመት ተሰልፈው ይጠብቁና ትልቁ ሲለቅ ተከታዩ ይገባበታል። ስለዚህ ባዶውም ዛጎል ተከራይ አያጣም። እኔ በሌሊት ልብሴ ወርጄ መለስኩት፤ የሆቴሉ ዘበኛ ምን እንዳሰበ እግዚአብሔር ይወቅ። ጉዞዎ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ሾጣጣ ዛጎል በእጃቸው አይንኩ። ከውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ በመርዙ ሰው ሊገድል ይችላል።

ወደ ሌላው ጥያቄዎ ስመጣ፣ እንግዳ ሁሉ ዓይኑን ባሕሩ ላይ ተክሎ ይውላል። እርስዎ ዞር ይበሉ። አሸዋው ላይ የሚሳበውና ሐምራዊ አበባ ያለው ሐረግ ቅጠሉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም «የፍየል እግር» ማለት ነው፣ ልጆቹ ኮቴውን ወዲያው ያውቁታል። አሸዋውን ከነፋስ የሚይዘው እርሱ ስለሆነ አይርገጡት።

እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ማንግሮቭ የሚባለውን፣ ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን ዛፍ ነው። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ጭቃ ላይ ይፈልጉት። አንዱ ዓይነት ሥሩን ከግንዱ አውጥቶ እንደ ሸረሪት እግር ተንፈራጦ ይቆማል። ሌላው ጭቃው አየር ስለሌለው መተንፈሻ ሥሮቹን እንደ እርሳስ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይልካል፤ የጠጣውን ጨው ደግሞ በቅጠሉ ያስወጣል፣ ነጩን ብናኝ በዓይንዎ ያዩታል። የአንዳንዱ ዘር ከእናቱ ሳይለይ ቅርንጫፉ ላይ ይበቅልና ሲወድቅ ውኃው ወደ ሌላ ዳርቻ ይወስደዋል። ውኃው ሲጎድል ይሂዱ፤ ሲሞላ ሥሩ ይሸፈናል።

የባሕር ኤሊ የሚፈለፈልበት ወቅት ከሆነ የበረንዳ መብራትዎን ያጥፉ። እናቲቱ በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ቀብራ ትሄዳለች፤ ከ2 ወር ገደማ በኋላ ጫጩቶቹ በሌሊት ወጥተው ወደሚደምቀው አድማስ፣ ማለትም ወደ ባሕሩ ይሮጣሉ። መብራት ካዩ ግን ወደ ሆቴሉ ይመጣሉ። ሙቀቱ ከፍ ባለ አሸዋ ውስጥ የሚፈለፈሉት በአብዛኛው ሴቶች መሆናቸውንም ለልጆቹ ይንገሯቸው።

የትኛው ባሕር እንደሆነ አልጻፉልኝም። ካሪቢያን ወይም ደቡብ ፍሎሪዳ ከሆነ ትንሽ አረንጓዴ ፖም የሚመስል ፍሬ ያለው ማንቺኒል የሚባል ዛፍ አለ። ፍሬውን እንዳይቀምሱ፤ ዝናብ ቢመጣም ከሥሩ አይጠለሉ፣ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውኃ ቆዳ ያቃጥላል። መርጠብ ይሻላል።