ቤንዚኑ ወጥቶ ናፍጣው ሲገባ፦ በእጅ ስለሚሠሩ ክፍሎች ጥያቄና መልስ

ከፒክአፕ ላይ የቤንዚን ሞተር አውርዶ ናፍጣ ለመትከል ለምታስቡ ሰዎች ጥያቄ ክፍት አድርጌ ነበር። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ ጨፍልቄ እነሆ መልሱ። የምናወራው ስለ ሞተር እድሳት አይደለም። በቶርኖ (ብረት እያዞረ በሚጠርበው ማሽን) እና በብየዳ ስለሚሠሩት ክፍሎች ነው።

ጥያቄ፦ ሞተሩ እጄ ገብቷል። ሱፖርቶውን (ሞተሩን ሻንሲው ላይ የሚይዘውን ብረት) ከመበየድ ልጀምር?

መልስ፦ ኧረ ቆይ ወንድሜ! ብየዳው የመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የሚወሰነው የሞተሩ ቦታ ነው፤ ሱፖርቶው ያንን ቦታ ተከትሎ ይመጣል። ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ከሞተሩ ጋር አጣምረህ አስገባና በጃክና በእንጨት ደግፈው። ባዶ ብሎክ (የውስጥ ዕቃው የወጣለት የሞተር አካል) ካገኘህ ደግሞ ተገላገልክ፤ ቀላል ስለሆነ ደጋግመህ ታወጣዋለህ። ከዚያ ዙሪያውን ተመልከት። ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ከፊት አክሰሉ ጋር ይጋጫል? የመሪው ዘንግ ያልፋል? ኮፈኑ ይዘጋል? ሞተር ጎሚኒ (ንዝረት የሚውጥ ላስቲክ) ላይ ሲቀመጥ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ ጎን ይጠመዘዛል። እኔ በየአቅጣጫው ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሳይኖር ወደ ብየዳ አልሄድም።

ጥያቄ፦ ሞተሩና ካምቢዮው የተለያየ ፋብሪካ ምርት ናቸው፤ የካምፓናው (ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ደወል መሰል ቤት) ቀዳዳ አይገጥምም። መሐል የሚገባውን ፕሌት በካርቶን ለክቼ ቶርኖ ቤት ብወስደው ይበቃል?

መልስ፦ ካርቶን ለሱፖርቶ ቅርጽ ይበቃል። ለዚህ ግን በፍጹም። ከሁሉም ክፍሎች የሚያስፈራኝ ይሄ ፕሌት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ላድርገው።

የሞተሩ ክራንክሻፍት (ክራንክ፣ ዋናው የሚዞር ዘንግ) መሐልና የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ መሐል አንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው። ይህን መስመር የሚጠብቁት ቡሎኖቹ አይደሉም፤ ቡሎን የሚያጠብቅ ብቻ ነው። ቦታ የሚይዙት ስፒናዎቹ ናቸው፣ በልክ ተጠርበው የሚገቡት ለስላሳ ዘንጎች። የቡሎን ቀዳዳ ትንሽ ቢሰፋ ችግር የለውም። የስፒና ቀዳዳ ከሳተ ግን ፕሌቱ ቁርጥራጭ ብረት ሆነ ማለት ነው።

ልኬቱ የሚረጋገጠው እንዲህ ነው። ፕሌቱንና ካምፓናውን ሞተሩ ላይ ታስራለህ። ዲያል ኢንዲኬተር (በሰዓት መሰል ፊቱ የሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚያሳይ መለኪያ) ቮላኖው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ተክለህ ጫፉን የካምፓናው መሐል ቀዳዳ ላይ ታሳርፋለህ። ከዚያ ክራንኩን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ታዞራለህ። በከፍተኛውና በዝቅተኛው ንባብ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። የማዕከሎቹ መራራቅ የዚያ ግማሽ ነው። የጸጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። ልዩነቱ ከ0.13 ካለፈ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ይንቀጠቀጣል፣ ማርሽ ይዘላል፣ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ያለ ጊዜው ያልቃል። ሰው ግን ካምቢዮው አሮጌ ነው ብሎ ሌላ ይገዛል!

ውፍረቱስ? ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ 6061 የተባለው አሉሚኒየም ጥሩ ነው። ሁለቱ ፊቶች ትይዩ ይሁኑ። ውፍረቱ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ፕሌቱ 15 ሚሊ ከሆነ ካምቢዮው 15 ሚሊ ወደ ኋላ ሸሸ። የመግቢያው ዘንግ ጫፍ ክራንኩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ኩሽኔታ ጋ ላይደርስ ይችላል። ያኔ ወደ ኋላ የሚያወጣ የብሮንዝ ቡሽ በቶርኖ ይሠራል። የፍሪሲዮን ዲስኩ ጥርስና ሞቶሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ቮላኖውን የሚነክስበት ርቀትም እንደገና ይለካሉ። ብረት ከማስቆረጥህ በፊት በስስ ኮምፔንሳቶ (የተደራረበ የእንጨት ጣውላ) ሞክረው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ፈልግ። ለዚያ ሞተር ፋብሪካው ራሱ የሠራው ሌላ ካምፓና ይኖር ይሆናል። ብዙ የኢንዱስትሪ ናፍጣ ሞተሮች እንደ ኤስኤኢ 3 ባለ መደበኛ የቀዳዳ አቀማመጥ የሚገጥም ቤት ይዘው ይመጣሉ። ከተገኘ ፕሌቱን እርሳው።

ጥያቄ፦ እንዳይንቀሳቀስብኝ ሱፖርቶውን ያለ ጎሚኒ በቀጥታ ብረት ለብረት ባስረው ምን ይለዋል?

መልስ፦ ጥርስዎ ይረግፋል፣ ጌታዬ። ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ በእያንዳንዱ የክራንክ ዙር ሁለት ጊዜ ይመታል። 4ቢቲ ከሚንስ የተባለውን ባለ አራት ሲሊንደር ናፍጣ ይውሰዱ። 3.9 ሊትር ነው፣ ክብደቱ 340 ኪሎ ገደማ። ያ ሁሉ ንዝረት በቀጥታ ሻንሲው ውስጥ ሲገባ ብየዳው ይሰነጠቃል፣ የራዲያተሩ ማሰሪያ ይበጠሳል። ለናፍጣ ሞተር የተሠራ ጎሚኒ ይፈልጉ። ለብረቱ 6 ሚሊ ላሜራ ከሦስት ማዕዘን ድጋፍ ጋር ይበቃል። በፑንታ (በነጥብ ነጥብ ብየዳ) ብቻ ይያዙትና ሞተሩን አውጥተው ይጨርሱት።

ጥያቄ፦ ሻንሲውን ስበይድ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቺ። የመበየጃውን መሬት ከብየዳው አጠገብ ያዢ፤ ኩሬንቲው በኩሽኔታ ውስጥ አልፎ እንዳይሄድ። የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር አቋርጠሽ አትበይጂ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጎኑ ላይ በይጂ። የከባድ መኪና ሻንሲ ግን ብዙ ጊዜ በሙቀት የጠነከረ ብረት ስለሆነ ብየዳ ያላላዋል። እሱ በቡሎን ነው።

አንድ የሚገድል ነገር ልጨምር። ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሳይደርቅ ከተበየደ ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በሌላ ነገር እጠቢ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ገጥሞ ሞተሩ ተነሳ። ፍሬኑ ግን ድንጋይ ሆነ።

መልስ፦ ቫኪዩም የለህማ! የቤንዚን ሞተር አየር መግቢያው ላይ የምትዘጋ ክዳን ስላለች ሰርቮውን (የፍሬን እርግጫህን የሚያግዘውን ክፍል) የሚያሠራ ቫኪዩም ይፈጥራል። አብዛኛው ናፍጣ ያቺ ክዳን የለውም። የቫኪዩም ፓምፕ ያስፈልግሃል። በብዙ የጃፓን ናፍጣዎች ላይ ዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ ይመጣል። ከሌለ በቺንጋ የሚዞር ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ግጠም። እስኪገጠም መኪናው ከቦታው አይንቀሳቀስ።

ጥያቄ፦ ኮፓው አክሰሉን ይነካል። ቆርጬ ላሳጥረው?

መልስ፦ የላሜራ ከሆነ ይቻላል። ከታች የቀነስከውን ይዘት በጎን መልስለት። የዘይት መሳቢያው ጫፍ ከወለሉ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ከመግጠምህ በፊት ላምባ ሞልተህ አሳድረው፤ ላምባ ውሃ የማያሳየውን ቀዳዳ ያሳያል። የአሉሚኒየም ኮፓ ግን ዘይት ስለሚጠጣ ብየዳው አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄ፦ ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ) ተቆርጦ አጠረ። አሁን ፍጥነት ስጨምር ይርገበገባል።

መልስ፦ ባላንስ ካልተደረገ እሱን አስደርግ። ቀጥሎ አንግሉን ለካ። የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ (የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው የማርሽ ቤት) መግቢያ ትይዩ ይሁኑ። እያንዳንዱ ክሮቸራ (የካርዳኑ መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ላይ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ይኑር። ዜሮም ጥሩ አይደለም፤ ውስጡ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ካልተንከባለሉ አንድ ቦታ ይበሉታል።

ጥያቄ፦ ዲፈረንሻሉን መቀየር ግዴታ ነው?

መልስ፦ ሂሳቡን እንሥራው። የጎማው ዙሪያ 2.3 ሜትር ቢሆን፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማው በደቂቃ 725 ጊዜ ይዞራል። በ4.10 ዲፈረንሻል (ካርዳኑ 4.10 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ የሚዞርበት) እና 0.85 በሆነ አምስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ጊዜ አካባቢ ይዞራል። ለትልቅ ናፍጣ ይህ ጣሪያው አጠገብ ነው። በ3.54 ቢሆን 2,180 ገደማ ይሆናል። የራስህን ቁጥር አስገባና ወስን።

ጥያቄ፦ የድሮውን የቤንዚን ታንከር ልጠቀም? ቱቦውንስ?

መልስ፦ ታጥቦ ይሠራል። ናፍጣ ግን ከፓምፑ ወደ ታንከሩ የሚመለስ ሁለተኛ መስመር ይፈልጋል። ለዚያ ብለህ ቤንዚን የነበረበትን ታንከር አትበይድ፣ ይፈነዳል። መመለሻውን በቡሎን በሚፈታው የታንከሩ ክዳን በኩል አስገባ። ዚንክ የተለበጠ ቱቦና መዳብም ይቅርብህ፤ ዚንኩ ከናፍጣ ጋር ተዋህዶ ኖዝል ይደፍናል፣ መዳብ ናፍጣውን ያበላሻል።

ጥያቄ፦ ቁልፉን ስዘጋ ሞተሩ አይጠፋም።

መልስ፦ ናፍጣ ሻማ የለው፤ የሚጠፋው ነዳጅ ሲቋረጥበት ነው። ፓምፑ ላይ ያለውን የማጥፊያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ ነዳጁን የሚዘጋው ቫልቭ) ሽቦ ፈትሽ። ከሌለው ከዳሽቦርዱ የሚሳብ ኬብል ሥራለት።