ነዳጅ አልቀበል ያለ መኪና፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፣ ጅማ ውስጥ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ አንድ ዓይነት ችግር ይመላለስብኛል። ነዳጅ ሲረገጥ መኪናው ጉልበት አያገኝም፣ ቼክ ኢንጂን በርቷል፣ ባለቤቱ ደግሞ "ትሮትል ቦዲ ቀይር ተባልኩ" ይላል። ትሮትል ማለት ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋ ክዳን ነው፣ ቦዲው ደግሞ ክዳኑን የያዘው አካል። ስለዚህ ዛሬ ጠይቁኝ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ ቁልፍ በርቶ እያለ ትሮትሉ ውስጥ ጣትም ካቻቢቴም አታስገቡ። ክዳኑን የምታንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር በድንገት ትዘጋዋለች። ጣት ይጎዳል፣ የፕላስቲክ ጥርሱም ይሰበራል።

የቪትዝ ሹፌር፣ ከአጋሮ፦ ጋሼ፣ ዳገት ላይ ድንገት ጉልበት አጣ። እስከ ወለሉ ብረግጠውም በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው። አጥፍቼ ሳስነሳው ለጥቂት ጊዜ ተሻለው። ምን ይሆን?

መልስ፦ ጥሩ አድርገህ ነው የገለጽከው፣ እኔም ዘርዘር ላድርገው። በዚህ መኪና በእግርህና በትሮትሉ መካከል ገመድ የለም። ፔዳሉ ላይ ሁለት ሴንሰር አለ፣ ትሮትሉ ላይም ሁለት። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ሁለቱን እያስተያየ ትንሿን ሞተር ያዛል፣ ሞተሯ ክዳኑን ትከፍታለች። ንባቡ ካልተስማማለት የሞተሯን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። ያኔ ስፕሪንጉ ክዳኑን ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል። በብዙ ቶዮታዎች ይህ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ክፍት ነው። አንተን በሰው እርምጃ የሚያስኬድህ ያ ክፍተት ነው። አጥፍተህ ስታስነሳ ኮምፒውተሩ እንደገና ይሞክራል፣ ለዚህ ነው የተሻለህ። የሚሄድና የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሶኬትና ገመድ ነው።

አሁን እንዲህ አድርግ። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ በስካነር አስነብብ። ፒ 2135 ከሆነ የትሮትሉ ሁለት ሴንሰሮች አልተስማሙም። ፒ 2138 ከሆነ የፔዳሉ ናቸው። 2111 ክፍት ሆኖ ቀረ፣ 2112 ተዘግቶ ቀረ ማለት ነው። ኮድ ግን ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አይነግርህም። ቁልፍ አብርተህ፣ ሞተር ሳታስነሳ፣ ስካነሩ ላይ ፔዳሉንና ትሮትሉን አንድ ላይ እያየህ ቀስ ብለህ ርገጥ። የፔዳሉ ቁጥር ከዘለለ ወይም ከቆመ ችግሩ እግርህ ሥር ነው። የፔዳሉ ቁጥር እየለሰለሰ ወጥቶ ትሮትሉ ካልተከተለው ወደ ትሮትሉ፣ ወደ ሶኬቱና ወደ ኤሌክትሪኩ ሂድ። ትሮትሉ ተዘግቶ 15 ወይም 17 በመቶ ቢያሳይህ አትደንግጥ፣ ቶዮታ ላይ ጤነኛ ነው።

አንድ አባል፦ የኔም መኪና ነዳጅ አይቀበልም። መፍትሔው ምንድን ነው?

መልስ፦ ምን መኪና? ስንት ዓመተ ምህረት? ኮዱ ስንት ነው? ያለዚህ መልስ የለኝም።

የኮሮላ ባለቤት፦ 2112 አወጣ። ያገለገለ ትሮትል ቦዲ ገዝቼ አስገጠምኩ። ያው ነው።

መልስ፦ በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰው ሳይለካ ገንዘቡን ይጨርሳል። አንድ ደንበኛዬ ከሊሙ መንገድ መጣ፣ ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ትሮትል ተቀይሮለታል። እኔ ትሮትሉን ሳልነካ በቴስተር ማሳውን፣ ማለትም የባትሪውን የኔጋቲቭ መስመር፣ ለካሁ። ከባትሪው ሥር ወደ ሞተሩ የሚሄደው የማሳ ገመድ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። ጠርጌ አጥብቄ ሸኘሁት። ሁለቱም ትሮትሎች ደህና ነበሩ።

ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። መጀመሪያ ባትሪ። ከዚያ ኮፈን ሥር ያለው ሳጥን ውስጥ "ኢቲሲኤስ" የሚል ፊውዝ አለ፣ ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ነው። ዓይን ይሸወዳል፣ በቴስተር ለካው። ከዚያ ማሳ። ከዚያ የትሮትሉ ሶኬት። ስድስት እግር አለው፣ ሁለቱ የሞተሯ፣ አራቱ የሴንሰሮቹ። ሁለቱን የሞተር እግሮች ሶኬቱን ነቅለህ ለካ። የቶዮታ መመሪያ ከ0.3 እስከ 100 ኦም ይላል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ሞተሯ ተቆርጣለች፣ ያኔ ግዛ። እባካችሁ ደግሞ ሞተር በውኃ ግፊት አታሳጥቡ። የጅማ ዝናብ ለሶኬት ከበቂ በላይ ነው።

ሌላ አባል፦ ለዚህ እኮ ነው የድሮው ዲኤክስ የሚሻለው። ገመድ ነው፣ ቢበጠስ በሽቦ አስረህ ቤትህ ትገባለህ።

ሦስተኛ አባል፦ ገመድም ይጣበቃል ወንድሜ። የአባቴ ዲኤክስ ሰቆሩ ላይ ነዳጁ ተይዞበት ሊገድለን ነበር።

ሌላ አባል፦ ቅባት ስላልቀባችሁት ነው። ዲኤክስን የመሰለ መኪና አልተሠራም።

መልስ፦ ዲኤክስን እኔም እወዳለሁ፣ ግን ዛሬ የተሰበሰብነው ለሌላ ነው። ወደ ጥያቄው።

የባጃጅ ባለቤት፣ አሁን መኪና የገዛ፦ ማጠብስ? በቤንዚን ይታጠባል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ጥላሸት ይዞት ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ከወረደ ማጽዳት ይረዳል። ትሮትሉ ሳይቆሽሽ ሶኬቱ የዛገ ከሆነ ግን ምንም አይፈይድም። የትሮትል ማጽጃ ስፕሬይ ጨርቅ ላይ ንፋና ጥረግ። ቀጥታ አትንፋ፣ ወደ ሴንሰሩ ይገባል። በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍግ፣ ጠርዙ ላይ ሽፋን አለው። ቁልፉ ጠፍቶ፣ ባትሪው ተነቅሎ! ጣት ብያለሁ፣ እደግመዋለሁ። ካጸዳህ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ሊል ይችላል። ኮምፒውተሩ የቆሸሸውን ለምዶ ነበርና። ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ፣ ራሱ ይማራል። ኒሳን ከሆነ በስካነር የሚደረግ የራሱ ትምህርት አለው።

ተማሪ፣ ከቂጦ ፉርዲሳ፦ ሞተር ሳይነሳ የአየር ግፊት ሴንሰሩ 82 ኪሎፓስካል ነው የሚያነበው። መጽሐፉ 101 ይላል። ሴንሰሩ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ተባረክ፣ ይህን ጥያቄ ሁሉም ሰው ያንብበው። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ባሕር ጠረፍ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ይቀላል። 82 እዚህ ትክክል ነው። ግቤ ድልድይ ብትወርድ ቁጥሩ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ሴንሰር ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ።

አንድ አባል፦ ትሮትል ቦዲ ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ ሳትለካ ዋጋ አትጠይቅ።

አንዲት እናት፦ የኔ ተቃራኒ ነው። ግቤን ስወርድ እግሬን ባነሳም ሞተሩ መጮኹን አላቆመም። ልጆች ይዤ ነበር። እንደዚያ ሲሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንኳን ተረፋችሁ እህቴ። ፍሬኑን በኃይል አንዴ ርገጪና ያዢው፣ ደጋግመሽ አትርገጪ። ትሮትሉ ክፍት ሲሆን ለፍሬኑ የሚረዳው የአየር መሳብ ይቀራል፣ ያለው በሁለት ሦስት ርግጫ ያልቃል። ወዲያው ዜሮ ማርሽ አድርጊ። አውቶማቲክ ከሆነ ኤን ላይ። ሞተሩ ቢጮህ ይጩህ፣ ጎማው ይለቀቃል። ዳር ይዘሽ ከቆምሽ በኋላ አጥፊ። እየሄድሽ ቁልፉን አትንቀዪ፣ መሪው ይቆለፋል።

አሁን ቤት ስትደርሺ መጀመሪያ ምንጣፉን ተመልከቺ። እዚህ በጭቃው ምክንያት ሰው ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ ይደርባል፣ የላይኛው ተንሸራቶ ፔዳሉን ይይዘዋል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ሚሊዮኖች መኪናዎችን ለማስተካከያ መልሶ የጠራው በምንጣፍ ጉዳይ ነበር። ናሳ በ2011 ይፋ በሆነው ምርመራውም ከኤሌክትሮኒክ ትሮትሉ ለዚያ ዓይነት አደጋ የሚያበቃ ጥፋት አላገኘም። ምንጣፍሽ አንድ ከሆነና ከተያዘ ግን መኪናውን ሳትነጂ አስመርምሪው። ይህን አታዘግዪው።

የፒካፕ ሹፌር፦ ናፍጣ ሃይሉክስስ?

መልስ፦ ናፍጣ ሌላ ነው። ለብቻው ቀን ይፈልጋል።

ሌላ አባል፦ ጋሼ፣ የኔም ነዳጅ አይቀበልም፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብ። ኮድ ይዘህ ተመለስ።

የቪትዝ ሹፌር፣ ከአጋሮ፦ ጋሼ፣ አስነበብኩት። 2135 ነው። ፔዳሉ ለስላሳ ነው፣ ትሮትሉ አይከተልም። ሶኬቱን ነቅዬ አየሁት፣ ሁለት እግሮቹ አረንጓዴ ሆነዋል።

መልስ፦ እንዲህ ነው የሚሠራው! ባትሪውን ንቀል። እግሮቹን በኮንታክት ማጽጃና በለስላሳ ብሩሽ ጥረግ፣ አታጣምማቸው። የሶኬቱ ላስቲክ ተቀዶ እንደሆነ እይ። ውኃው የገባው በዚያ ይሆናል። ከዚያ መልሰህ ግጠምና ኮዱን አጥፋ። ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በእጅህ እያወዛወዝክ ቁጥሩን ተመልከት። ከዘለለ ገመዱ ውስጥም ተበልቷል። ካልዘለለ ነገ ያችኑ ዳገት ውጣትና ንገረኝ።