ከማተሚያ ቤት እስከ አዟሪው እጅ፦ መጽሐፋቸውን በራሳቸው ለሚያሳትሙ ደራስያን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በራሳቸው ወጪ ለማሳተም ከተነሱ ደራስያንና ሁለት ሦስት መጽሐፍ ካወጡ ትንንሽ አሳታሚዎች የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልቦለዴን ላሳትም ነው። ማተሚያ ቤቱ «ከሺህ በታች አያዋጣህም፤ ሁለት ሺህ ብታደርገው ደግሞ የአንዱ ዋጋ በጣም ይወርድልሃል» አለኝ። ስንት ላሳትም?

ማተሚያ ቤቱ ስለ ኅትመት ዋጋ የነገርዎት ልክ ነው፤ ስለ ሽያጭ ግን ምንም አልነገርዎትም። በኦፍሴት ኅትመት ፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበትን የማተሚያ ሰሌዳ) ማውጣትና ማሽን ማሰናዳት 100 ቅጂም ይታተም 3000 ወጪው ያው ነው። የአርትዖት፣ የገጽ ቅንብርና የሽፋን ክፍያም እንደዚያው። ቅጂው በበዛ ቁጥር ይህ ቋሚ ወጪ ለብዙ ይካፈልና የአንዱ ዋጋ ይወርዳል።

የወረቀት ዋጋ አንድ ቦታ ስለማይቆም ስሌቱን በይሁን ቁጥር እናሳይዎ፤ እርስዎ የተሰጥዎትን ዋጋ ተክተው ይሥሩት። ቋሚ ወጪው 60,000 ብር፣ ለእያንዳንዱ ቅጂ የሚጨመረው ወረቀት፣ ቀለምና ጥረዛ 110 ብር ይሁን። 500 ቅጂ 115,000 ብር ይፈጃል፤ አንዱ 230 ብር ወጣበት ማለት ነው። 1000 ቅጂ 170,000 ብር፣ አንዱ 170። 2000 ቅጂ 280,000 ብር፣ አንዱ 140። እዚህ ላይ ካቆሙ 2000ው ያጓጓል።

አሁን ሽያጩን ያስገቡ። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ሆኖ አከፋፋዩና መደብሩ በድምሩ 35 ከመቶ ቢወስዱ ለእርስዎ የሚደርስዎት 260 ብር ነው። ወጪዎን ለመመለስ ከ500ው 443፣ ከ1000ው 654፣ ከ2000ው ደግሞ 1077 መሸጥ አለብዎት። 50 ቅጂ ያህል ለአርታኢው፣ ለሐያሲው፣ ለራዲዮ አዘጋጁና ለቤተ መጻሕፍት በነፃ እንደሚሄድም አይርሱ። 1000 አሳትመው 500 ብቻ ቢሸጡ 40,000 ብር ይጎድልዎታል፤ 500 አሳትመው 450ውን ቢሸጡ 2,000 ብር ይተርፍዎታል፤ ሳሎንዎም መጋዘን አይሆንም።

ቁጥሩን የሚለውጠው በራስዎ እጅ የሚሸጡት ነው። ከ1000ው 200ውን በምረቃው ቀንና በቅድመ ሽያጭ በሙሉ ዋጋ ከሸጡ 80,000 ብር በእጅዎ ገባ፤ ለቀሪው 90,000 በአከፋፋይ በኩል 347 ይበቃዎታል። 654 የነበረው 547 ሆነ። ስለዚህ ማተሚያ ቤት ከመሄድዎ በፊት ወረቀት ያውጡና በእርግጥ የሚገዙዎትን ሰዎች በስም ይጻፉ። ዝርዝሩ 100 ካልሞላ መጀመሪያ በዲጂታል ኅትመት 100 ወይም 150 ቅጂ ያውጡ። የአንዱ ዋጋ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ፕሌት የለውምና ካለቀብዎ በሳምንት ውስጥ ደግመው ማዘዝ ይችላሉ። ያመለጡ ስህተቶችንም በሁለተኛው ዙር ያርማሉ።

ጥያቄ፦ ጽሑፌን በፍላሽ ወስጄ ለገጽ አቀናባሪ ስሰጥ ፊደሉ ሁሉ የላቲን ምልክት ሆነ። በኋላም ተስተካክሎ ታትሞ ሲመጣ ነጥቦቹ ተበላሽተው አገኘኋቸው። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ሁለቱ ችግሮች ምንጫቸው ይለያያል።

የመጀመሪያው የአሮጌ ፊደል ጣጣ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ያ ፊደል ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ከሥር ያለው ላቲን ብቅ ይላል። መፍትሔው ጽሑፉን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሮ እንደ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ባሉ ፊደላት መቀጠል ነው። መቀየሪያው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ዲቃላ ፊደላት ላይ ነው፤ ሏ፣ ቧ፣ ጓ፣ ኳ ያሉባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ፈልገው ይመልከቱ። ቁጥሮችንና ጥቅሶችንም እንዲሁ።

ሁለተኛው አራት ነጥብ ነው። ብዙ ጸሐፊ «።» የሚለውን አንድ ምልክት በመምታት ፈንታ «፡» የሚለውን ሁለት ጊዜ ይመታል። ስክሪን ላይ ልዩነቱ አይታይም። ገጹ ሲቀናበር ግን ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች አድርጎ ስለሚያያቸው አንዱ በመስመሩ መጨረሻ ቀርቶ ሌላው በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ይወድቃል። ጽሑፉን ከማስረከብዎ በፊት «ፈልገህ ተካ» በሚለው ትእዛዝ «፡፡» የሚለውን ሁሉ በ«።» ይተኩ፤ ከዚያ በላቲን ኮሎን የተመቱትን «::» ይተኩ፤ በመጨረሻም ከነጥቡ በፊት የቀረ ክፍት ቦታ ካለ ያጥፉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ገጹ ካነሳን፣ አማርኛ ረጃጅም ቃላት አሉት፤ በመስመር መጨረሻም ቃል በሰረዝ አንቆርጥም። በሁለቱም ጠርዝ የተስተካከለ ገጽ ላይ «እንዳልተቀበሏቸውም» ያለ ቃል ወደ ታች ሲወርድ የላይኛው መስመር ክፍተት ያለው ጥርስ ይመስላል። ለኤ5 መጠን (14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር) 11 ነጥብ (ፖይንት) ፊደልና ከ15 እስከ 16 ነጥብ የመስመር ርቀት ይመቻል። በጥረዛው በኩል 20 ሚሊ ሜትር፣ በውጭው 17 ቢተው የጽሑፉ ስፋት 11 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ፊደሉን ወደ 13 ማሳደግ መጽሐፉን ያወፍራል እንጂ ንባቡን አያቀልም፤ ክፍተቱንም ያብሰዋል።

የገጹን ቁጥር በ16 እንዲካፈል ያድርጉት። በአንድ ትልቅ ወረቀት ታትሞ የሚታጠፈው አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ነው። 198 ገጽ ያለው መጽሐፍ 208 ሆኖ ይታተማል፤ ለ10 ባዶ ገጽ ከፈሉ ማለት ነው። ስድስት ገጽ አጥፈው 192 ላይ ያውሉት፤ ወይም ክፍት ገጾቹን ለቀጣዩ መጽሐፍዎ ቅንጫቢ ይጠቀሙባቸው።

ጥያቄ፦ የግጥም መጽሐፌ ገጾች በሁለት ሳምንት ውስጥ መርገፍ ጀመሩ። ማተሚያ ቤቱ «ገዢዎቹ ገትረው ከፍተውት ነው» ይላል።

የግጥም መጽሐፍ ገትሮ ሳይከፍት የሚያነብ የለም፤ መጽሐፉ ያንን መቻል ነበረበት። በሙጫ ብቻ በሚጠረዝ መጽሐፍ ገጽ የሚረግፍባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። የወረቀቱ ጀርባ በደንብ ሳይፋቅ ሙጫ ተቀብቷል፤ ወይም ሙጫው በቂ ሙቀት አልነበረውም፤ ወይም የወረቀቱ ጭረት (ክሮቹ የተኙበት አቅጣጫ) ከጀርባው ጋር ትይዩ ከመሆን ይልቅ ተሻግሯል። የመጨረሻውን ለማወቅ አንዱን ገጽ ቀድደው ይዩ፤ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ከተቀደደ ጭረቱ ልክ ነው፤ ከተንጋደደ ተሻግሯል።

ወደፊት ሙሉው ከመታተሙ በፊት የተጠረዘ አንድ የሙከራ ቅጂ ይጠይቁ። መሐሉን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ይጫኑት፤ አንዱን ገጽ በሁለት ጣት ይዘው ይሳቡ። ከወጣ አይፈርሙ። በውሉም ላይ «ገጽ የረገፈባቸውን ቅጂዎች ማተሚያ ቤቱ ይተካል» የሚል አንቀጽ ከነጊዜ ገደቡ ይግባ። ከ250 ገጽ በላይ ለሆነና ተደጋግሞ ለሚገለጥ መጽሐፍ በክር የተሰፋ ጥረዛ ጭማሪ ቢያስከፍልም ያዋጣል።

ጥያቄ፦ አይ ኤስ ቢ ኤን ካወጣሁ የቅጂ መብቴ ተጠበቀ ማለት ነው?

አይደለም። አይ ኤስ ቢ ኤን መጽሐፉን ከሌላው ለይቶ ለማዘዝና ለመመዝገብ የሚረዳ 13 አኃዝ ነው፤ በአገራችን የሚሰጠው ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ነው። ወረቀት ሽፋን አንድ፣ ኢ-መጽሐፍ ሌላ፣ ተሻሽሎ የወጣ እትም ሌላ ቁጥር ይፈልጋል፤ ያለ ለውጥ ለተደገመ ኅትመት ግን የቀድሞው ያገለግላል። የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው እንደተፈጠረ የሚገኝ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም፤ በደራሲው ዕድሜ ሙሉና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ቢሆንም በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ 500 ቅጂ ለአንድ አከፋፋይ በዱቤ ሰጠሁ። ስምንት ወር ሆነው። ስደውል «ገና አልተሸጠም» ይባላል፤ መደብሮች ስሄድ ግን «አልቋል» ይሉኛል። ምን ይሻላል?

በመጀመሪያ ስልኩን ትተው በአካል ሄደው ያስቆጥሩ። የቀረውን ቅጂ ቆጥረው፣ ከ500 ቀንሰው፣ በተገኘው ልዩነት ላይ የሚከፈልበት ቀን ያለው ወረቀት ያስፈርሙ። ያልተሸጠውንም ያንኑ ቀን ተረክበው ይውጡ፤ መደብሮቹ «አልቋል» ካሉ መጽሐፉን የሚጠብቅ ገዢ አለ ማለት ነው።

ለሚቀጥለው 500 በአንድ ጊዜ አይስጡ። 50 ይስጡ፤ የ50ው ሒሳብ ሲመጣ ሌላ 50። በርክክቡ ወረቀት ላይ የቅጂው ብዛት፣ የሽፋኑ ዋጋ፣ የቅናሹ መቶኛ፣ ቆጠራ የሚደረግበት ቀን፣ ለተበላሸና ለጠፋ ቅጂ ኃላፊው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ብዙ ደራሲ የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ዝናብ የመታው 40 መጽሐፍም ተመልሶ ለእሱ ይመጣል።

አዟሪዎችን አይናቁ። አዟሪ አምስትም ይሁን አሥር ቅጂ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ስለዚህ ከመደብሩ የተሻለ ቅናሽ ይገባዋል። በክንዱ ላይ ከደረደራቸው ሃያ መጻሕፍት መካከል የእርስዎን አንሥቶ ለካፌ ተቀማጩ የሚያሳየው ስለ መጽሐፉ የሚለው ነገር ሲኖረው ነው። ሲሰጡት ቆም ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩት፤ «ስለ ፍቅር ነው» ሳይሆን «ደሴ ላይ ሁለት እህትማማቾች በአንድ የቤት ውርስ ሲካሰሱ ነው» የሚል ዓይነት። በሳምንቱ ሲመለሱም ሰው ምን ብሎ እንደመለሰለት ይጠይቁት። ከሐያሲ ቀድሞ ስለ ሽፋንዎና ስለ ርዕስዎ የሚነግርዎ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለማስታወቂያ ገንዘብ የለኝም። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ሽፋኑን ደጋግሜ ብለጥፍም «እንኳን ደስ ያለህ» እንጂ ገዢ አላገኘሁም።

ሽፋን ደስታ መግለጫ ያመጣል፤ ገዢ የሚያመጣው ገጽ ነው። ከመጽሐፉ ራሱን ችሎ የሚነበብ አንድ ገጽ ይምረጡ፤ ልብ የሚሰቅል ቦታ ላይ ይቁም። ከሥሩ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ዋጋው፣ የሚገኝበት መደብር በሰፈር ስም (ለገሃር፣ አራት ኪሎ፣ ሜክሲኮ እያሉ)፣ የሚደወልበት ስልክ። «በሁሉም መጻሕፍት መደብሮች ይገኛል» የሚለውን ይተዉት፤ አንባቢው አንድ ቦታ ሄዶ ካጣው አይደግምም።

ለራዲዮ ሲልኩ መጽሐፉን ብቻ ሰጥተው አይመለሱ። አዘጋጁ ለአየር የሚሆን ቅንጫቢ ለመፈለግ ጊዜ የለውም። ስምንት ደቂቃ የሚነበብ ክፍል ራስዎ መርጠው፣ ጮክ ብለው አንብበው በሰዓት ይለኩና ገጹን በወረቀት ምልክት ያድርጉበት። ንግግር የበዛበት ክፍል ለጆሮ ይሻላል። ገጣሚ ከሆኑ መድረክ ይቅደም፤ እንደ ጦቢያ ግጥም በጃዝ ያሉ ምሽቶች አንባቢ ካልሆነው ሰው ፊት ያቆሙዎታል። በበሩ ላይ መጽሐፉን የያዘ ወዳጅና ዝርዝር ብር ግን ይኑር።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አማርኛ ልቦለዴን አማዞን ላይ ላወጣው እችላለሁ ወይስ አዲስ አበባ አሳትሜ ላስመጣ?

አማዞን ራሳቸው ለሚያሳትሙ ደራስያን በከፈተው ኬዲፒ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ የለም። ሌላ ቋንቋ መርጠው የሚያስገቡ አሉ፤ መጽሐፉ ከወጣ በኋላም ሊታገድ ስለሚችል አንመክርም። ፊደሉ የተካተተበት ፒዲኤፍ ተቀብለው በትእዛዝ የሚያትሙ ሌሎች ድርጅቶች አሉ፤ መጀመሪያ አንድ ቅጂ ለራስዎ አዝዘው እያንዳንዱን ገጽ ይዩ።

አዲስ አበባ ካሳተሙ ክብደቱን ያስሉ። በካሬ ሜትር 80 ግራም በሚመዝን ወረቀት የታተመ 200 ገጽ ኤ5 መጽሐፍ ከነሽፋኑ 270 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ በ23 ኪሎ ሻንጣ ወደ 80 ቅጂ ይገባል። እዚያው አሜሪካ ውስጥ ለገዢ ሲልኩ ፖስታ ቤቱ ለመጻሕፍት ያለውን ሚዲያ ሜይል ይጠይቁ፤ ዘገምተኛ ቢሆንም ርካሽ ነው። በብዛት የሚሸጥበት ጊዜ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ከተማ እየቀያየረ የሚያካሂደው የእግር ኳስ ሳምንት ነው። የድንኳን ኪራዩን ለብቻ ከመክፈል ሦስት አራት ደራስያን ቢካፈሉት ይሻላል፤ አንዱ ሲሸጥ ሌላው ከሰው ጋር ይጨዋወታል።

ጥያቄ፦ መጽሐፌ ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ተለቀቀ።

መጀመሪያ ስክሪኑን ቀን እንዲታይ አድርገው ያንሱ፤ የቻናሉን ስም ብቻ ሳይሆን ፋይሉ ያለበትን መልእክት ሊንክ ይቅዱ። ለቻናሉ ባለቤት አንድ አጭር መልእክት ይጻፉ፤ ብዙዎቹ ሲጠየቁ ያነሡታል። ካላነሣ ቴሌግራም ለቅጂ መብት አቤቱታ ወደከፈተው ኢሜይል የሽፋኑን ምስል፣ አይ ኤስ ቢ ኤኑን፣ ባለመብት መሆንዎን የሚገልጽ መግለጫና የእያንዳንዱን መልእክት ሊንክ ይላኩ። ሊንክ የሌለው አቤቱታ መልስ አያገኝም። በአደባባይ ቻናሉን እየጠሩ መውቀስ ግን ፋይሉን ላላገኙት ሰዎች አድራሻ መስጠት ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ጓደኛሞች አዋጥተን የአጭር ልቦለድ መድብል ልናወጣ ነው። ምን እንጠንቀቅ?

ብሩን ከማዋጣታችሁ በፊት አንድ ገጽ ስምምነት ጽፋችሁ ስድስታችሁም ፈርሙ። የእያንዳንዱ ታሪክ መብት የጸሐፊው እንደሆነ፣ በኋላ በግል መድብሉ ውስጥ መልሶ ማሳተም እንደሚችል ይጻፍ። የታሪኮቹን ቅደም ተከተል ማን እንደሚወስን አስቀድሙ፤ ጠቡ ከገንዘቡ ይልቅ ከዚህ ነው የሚነሣው። ከ600 ቅጂ እያንዳንዱ 60 በነፍስ ወከፍ ወስዶ በራሱ ይሽጥ፤ የተረፈው 240 በአንድ ሰው ስም ለመደብር ይሰጥ፤ ሒሳቡም ሁላችሁም በምታዩት አንድ ደብተር ላይ ይመዝገብ። ካርቶኖቹ በማን ቤት እንደሚቀመጡም ስሙን ጻፉት፤ ከወለል ከፍ ያለ፣ ግድግዳ የማይነካ ቦታ ያለው ሰው ይሁን።